ሐሳብዎ ሰሚው ጋ እንዲደርስ፦ በቃለ መጠይቅ፣ በመድረክና በየዕለቱ ንግግር

በ1990 እ.ኤ.አ. ኤልዛቤት ኒውተን የተባለች የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተማሪ ለመመረቂያ ጥናቷ አንድ ቀላል ሙከራ ሠራች። ከፊሎቹ ተሳታፊዎች የታወቁ ዘፈኖችን ምት በጣታቸው ጠረጴዛ ላይ ያንኳኳሉ፤ ሌሎቹ ዘፈኑን ይለያሉ። አንኳኪዎቹ ከሁለት ዘፈን አንዱ እንደሚታወቅላቸው እርግጠኛ ነበሩ። ከ120 ዘፈን የታወቀው ግን 3 ብቻ ሆነ። አንኳኪው ዜማው ከነግጥሙ በጆሮው እየጮኸ ነው፤ ሰሚው ጋ የደረሰው ኳ ኳ ብቻ ነው።

ስንናገርም እንዲሁ ነን። ብዙዎቻችን የሚቸግረን የቃላት እጥረት አይመስለኝም፤ ለእኛ ግልጽ የሆነው ለሰሚውም ግልጽ እየመሰለን ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ዜማው አብሮ እንዲሰማ ለማድረግ ይረዳሉ።

ደረጃ 1፦ ከመናገርዎ በፊት ጭብጡን በአንድ አረፍተ ነገር ይያዙ

ራስዎን እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ "ሰሚው ከዚህ ወጥቶ ‘ምን አለ?’ ቢባል ምን ብሎ ቢመልስልኝ እወዳለሁ?" መልሱን በአንድ አረፍተ ነገር መጻፍ ካቃተዎት ሐሳቡ ገና አልበሰለም። ስላይድ ማዘጋጀትም ሆነ ስልክ መደወል ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ደረጃ 2፦ ቃለ መጠይቅ ላይ መልሱን ያስቀድሙ፣ ታሪኩን ያስከትሉ

ጠያቂው "ከሥራ ባልደረባዎ ጋር ተጋጭተው ያውቃሉ?" ይላል። የተለመደው መልስ ይህ ነው፦ "እንግዲህ ግጭት በየትኛውም መሥሪያ ቤት ያለ ነገር ነው፤ እኔ በበኩሌ ከሰው ጋር ተግባብቼ መሥራት እወዳለሁ፤ በቡድን ሥራም ጥሩ ልምድ አለኝ ማለት ነው…" ዳር ዳር ሲባል ደቂቃው አለቀ። ጠያቂው ማስታወሻው ላይ የሚጽፈው ነገር አላገኘም።

አሁን ደግሞ ይህን ይስሙ፦ "አዎ፣ ተጋጭቻለሁ። የወር ሪፖርት አብሮኝ የሚሠራ ባልደረባዬ ቁጥሮቹን የሚልክልኝ ሁልጊዜ በመጨረሻው ቀን ነበር። ሪፖርቱን በሰዓቱ ማስረከብ የእኔ ኃላፊነት ስለነበር ሁለት ጊዜ በኢሜይል ወቀስኩት፤ ምንም አልተለወጠም። በሦስተኛው ወር ጠረጴዛው ድረስ ሄጄ ምን እንደሚያዘገየው ጠየቅኩት። ለካ እሱም ቁጥሩን ከሌላ ክፍል ነው የሚጠብቀው። የዚያን ክፍል ኃላፊ አነጋግሬ የመላኪያው ቀን በሦስት ቀን ቀደም አለ። ከዚያ ወዲህ ሪፖርቱ ዘግይቶ አያውቅም።"

የዚህ መልስ አጥንት አራት ነው፦ ሁኔታው፣ የእርስዎ ኃላፊነት፣ የወሰዱት እርምጃ፣ ውጤቱ። ብዙ ሰው ሁኔታውን ሲተርክ ይቆይና ውጤቱ ላይ ሲደርስ "በመጨረሻ ተስተካከለ" ብሎ ያልፈዋል። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው። ሁኔታው በሁለት አረፍተ ነገር ይለቅ። ሁለቱን የወቀሳ ኢሜይሎችም ልብ ይበሉ፤ ተናጋሪው ስህተቱን ስላልደበቀ ነው ታሪኩ የሚታመነው።

ሌላው ችግር "እኛ" ነው። "ሠራን፣ አስተካከልን፣ አሳካን" ማለት ትሕትና መስሎ ይታየናል፤ ጠያቂው ግን የሚቀጥረው አንድ ሰው ነው። የቡድኑን ድርሻ በአንድ ሐረግ አመስግነው የራስዎን "እኔ" ብለው ይናገሩ።

አምስት ስድስት እንዲህ ያሉ ታሪኮች ካዘጋጁ ይበቃል፤ አንዱ ታሪክ ለሦስት ጥያቄ ያገለግላል። ያልጠበቁት ጥያቄ ሲመጣ "ጥቂት ላስብበት" ይበሉና ዝም ይበሉ። ዝምታው የሚከብደን በምክንያት ነው፦ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ አሥር ቋንቋዎችን ያነጻጸረ ጥናት አንዱ ተናግሮ ሌላው እስኪመልስ ያለው ክፍተት በአማካይ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ሁለት ሰከንድ ለተናጋሪው ዘመን ይመስላል። ለጠያቂው ግን የሚያስብ ሰው ነው የሚታየው።

ደረጃ 3፦ የአረፍተ ነገሩን ጫፍ አይዋጡ

ይህን የውጭ ማሠልጠኛዎች አይነግሩዎትም። በአማርኛ ግሡ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ የሐሳቡ ፍርድ ያለው እዚያ ነው። "ባለፈው ስብሰባ ላይ በተወሰነው መሠረት ለደንበኞች መላክ የነበረበት ደብዳቤ…" ተልኳል? አልተላከም? ሰሚው ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። እኛ ደግሞ ትንፋሻችን የሚያልቀው ልክ እዚያ ላይ ነው፤ ድምፃችን ወርዶ "አልተላከም" እና "ተልኳል" አንድ ዓይነት ማጉረምረም ይሆናሉ።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ረጅሙን ይቁረጡት፦ "ደብዳቤው አልተላከም። በስብሰባው የተወሰነው ግን እንዲላክ ነበር።" ሁለተኛ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቃላት ድምፅዎን ሳያወርዱ ይጨርሱ። በስልክዎ ሁለት ደቂቃ ራስዎን ቀድተው ይስሙ። እግረ መንገድዎን "ማለት ነው" ያሉበትን ብዛት ይቁጠሩ። እኔ ስቆጥር አሥራ አንድ አገኘሁ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ባልኩ ቁጥር ይሰማኛል።

ደረጃ 4፦ መድረክ ላይ የሚሉትን በአፍዎ ይለማመዱ

በዓይን ማንበብ ልምምድ አይደለም። ቆመው፣ ድምፅ አውጥተው፣ ሰዓት ይዘው ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይናገሩት። በቃል የሚያዙት የመጀመሪያዎቹን ሁለት አረፍተ ነገሮችና የመጨረሻውን ብቻ ነው፤ ልብ የሚመታው መጀመሪያ ላይ ስለሆነ ምላስ የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋል። መካከሉን በነጥብ ይያዙት።

አንድ ጊዜ 20 ስላይድ ተሸክሜ ሄጄ ፕሮጀክተሩ እምቢ አለ። ያለ ስላይድ ስጀምር ትዝ ያሉኝ ስድስቱ ብቻ ናቸው። የቀሩት 14 የት ሄዱ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። አሁን ስላይድ የማዘጋጀው ንግግሩን ከጨረስኩ በኋላ ነው። ሰው ወደ እርስዎ እንዲመለከት ሲፈልጉ ደግሞ ፓወርፖይንት ላይ ‹ቢ› የሚለውን ቁልፍ ይጫኑ፤ ስክሪኑ ይጨልማል፣ ዓይን ሁሉ ወደ እርስዎ ይዞራል።

ስለ ፍርሃት፦ በ2003 እ.ኤ.አ. ሳቪትስኪና ጊሎቪች የተባሉ ተመራማሪዎች ንግግር ለሚያደርጉ ተማሪዎች "መጨነቃችሁ እናንተ እንደምታስቡት ለሰው አይታይም" ብለው አስቀድመው ነገሯቸው። ይህን የሰሙት ካልሰሙት የተሻለ ተናገሩ። እርስዎም ሰምተዋል።

በየሥልጠናው "ከንግግር 93 በመቶው የሰውነት ቋንቋና የድምፅ ቃና ነው" ሲባልም አይቀበሉት። ቁጥሩ የመጣው ከአልበርት መህራቢያን የ1967 እ.ኤ.አ. ጥናቶች ነው፤ እነሱ የመረመሩት ቃሉ፣ ቃናውና ፊቱ ሲቃረኑ ሰው የተናጋሪውን ስሜት በየትኛው እንደሚገምት ነው። ለንግግር ሁሉ እንደማይሠራ ራሱ መህራቢያን ገልጿል። ቀና ብሎ መቆምና ሰው ማየት ይረዳል፤ ባዶ ንግግርን ግን አይሞላም።

ደረጃ 5፦ በየዕለቱ ንግግር "ገባህ?" አይበሉ

"ገባህ?" ሲባል ሁሉም "አዎ" ይላል። ያልገባውም ያፍራል፤ የገባው የመሰለውም በሙሉ ልቡ ነው "አዎ" የሚለው። በእሱ ፈንታ "እስቲ ከየት እንደምትጀምር ንገረኝ" ይበሉ። "ቶሎ ላክልኝ" ከማለትም "ነገ እስከ አራት ሰዓት" ይበሉ፤ የእርስዎ ቶሎና የእሱ ቶሎ አንድ አይደሉም።

እርስዎ ሰሚ ሲሆኑም ያው ነው፦ "እንግዲህ በትክክል ከሰማሁ ያስቸገረህ ገንዘቡ ሳይሆን ሳትጠየቅ መወሰኑ ነው፤ አይደል?" ሰውዬው ወይ "በትክክል" ይላል፣ ወይ ያርምዎታል። አብራሪዎች በየበረራው የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ከመቆጣጠሪያው የተነገራቸውን ከፍታ ቃል በቃል ደግመው ይናገራሉ፣ ተቆጣጣሪውም ይሰማል፤ ከተሳሳቱም እዚያው ያርማቸዋል።