መካን የቆላ ዝንብ ሲመረት የሚደጋገሙ ስህተቶች

በቃሊቲው ማዕከል የሚራባው የቆላ ዝንብ በኮባልት 60 ጨረር የሚመክነው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ከመካን ወንድ ጋር የተገናኘች የዱር ሴት በአብዛኛው ሌላ ወንድ ስለማትቀበል ዘር አይኖራትም። ሥራው የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ከጨረሩ በፊትና በኋላ ነው።

አንድ ትሪ ደም ለብዙ ኬጅ (የዝንብ መያዣ)። ይህን ማየት ያንገበግባል! ደም ለመቆጠብ ተብሎ አንዱ ኬጅ ሲነሳ ሌላው በዚያው ላይ ይጫናል። ዝንቧ በደሙ ላይ በተዘረጋው የሲሊኮን ሽፋን በኩል ስትመጥ ምራቋ ደሙ ውስጥ ይገባል። የምራቅ ዕጢን የሚያሳብጠው ቫይረስም አብሮ ይወጣና ቀጣዩ ኬጅ ይጠጣዋል። «ደሙ እኮ በጨረር ታክሟል» ማለት አያዋጣም፤ ጨረሩ የሚገድለው ከቄራ የመጣውን ባክቴሪያ ሲሆን ቫይረሱን የምታመጣው ዝንቧ ናት። ከተያዙት ብዙዎቹ ከውጭ ሲታዩ ጤነኛ ይመስላሉ። ዕጢያቸው ያበጠ ወንዶች የዘር ፍሬያቸው፣ ሴቶቹ ደግሞ እንቁልጢያቸው ይበላሻል። ሴቷ የምትወልደው በ9 ወይም በ10 ቀን አንድ እጭ ብቻ ስለሆነ የተመናመነ ኮሎኒ (የሚራባው የዝንብ መንጋ) ቶሎ አያገግምም። ለእያንዳንዱ ኬጅ፣ በየምግቡ፣ ያልተነካ ደምና የጸዳ ሽፋን አቅርቡ። ደም ይፈጃል፤ ይፍጅ።

በዓምና ደቂቃ ማመከን። ኮባልት 60 በ5.27 ዓመት ግማሹ ያልቃል፤ በወር 1 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል። ዓምና በ10 ደቂቃ 120 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) የሰጠ ምንጭ ዘንድሮ በዚያው ጊዜ የሚሰጠው 105 ያህል ነው። 120 ለማግኘት 11 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ያስፈልጋል። ሰዓቱን በየወሩ አስሉ። «ለማንኛውም» ብሎ መጠኑን ማብዛትም ጥፋት ነው፤ የደከመ ወንድ ከዱሩ ጋር ለሴት አይፎካከርም። መለኪያ ፊልሙንም ከመሃል ሌላ ጨረሩ በሚያንስበት ጥግ አስቀምጡ።

ሳይመግቡ መልቀቅ። የቆላ ዝንብ ወንዱም ደም መጣጭ ነው፤ ገንዲ የተባለውን የከብት በሽታ ያስተላልፋል። ከመለቀቁ በፊት ኢሶሜታሚዲየም የተባለው የገንዲ መድኃኒት የተቀላቀለበት ደም ይጥገብ። አለበለዚያ አርሶ አደሩ «ከብቴን የሚያሳምም ዝንብ ለቀቃችሁብኝ» ቢል እውነቱን ነው።

ቀለም ሳይቀቡ መልቀቅ፦ በወጥመድ የተያዘው የእናንተ ይሁን የዱር አይታወቅም።

የዱሩን ሳይቀንሱ መልቀቅ። መካኖቹ በቁጥር ብዙ እጥፍ መብለጥ አለባቸው። ስለዚህ አስቀድሞ ወጥመድ፣ ዴልታሜትሪን በተባለ ፀረ ነፍሳት የተነከረ ጨርቅና በከብት ጀርባ ላይ የሚፈስ መድኃኒት ይቅደም። በዛንዚባሯ ኡንጉጃም የሆነው ይኸው ነበር፤ መልቀቁ እ.ኤ.አ. በ1994 ተጀምሮ የመጨረሻው የዱር ዝንብ የተያዘው በ1996 ነው። ኡንጉጃ ግን ደሴት ናት። በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ዝንቡ ወንዝ ተከትሎ ስለሚመለስ፣ የወጥመዱ አጥር መልቀቁ ካበቃ በኋላም መነሳት የለበትም።