በአሚጋው «ካነን ፎደር» ወታደሮቻችሁን በከንቱ የሚያስጨርሱ ስህተቶች

«ካነን ፎደር» እ.ኤ.አ. በ1993 ለአሚጋ ኮምፒውተር የወጣ የጦር ሜዳ ጨዋታ ነው። የሠራው ሴንሲብል ሶፍትዌር የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ሲሆን ያሳተመው ቨርጂን ኢንተራክቲቭ ነው። ሜዳው ከላይ ይታያል፤ ተጫዋቹ ደቃቃ ወታደሮችን በማውስ ይመራል። ተልዕኮዎቹ ተከፋፍለው 72 ምዕራፍ ይሆናሉ። ዛሬ በኢሙሌተር (የድሮውን ኮምፒውተር በአዲሱ ላይ በሚያስመስል ፕሮግራም) የሚጀምሩት ብዙዎች ቶሎ የሚሸነፉት ዒላማ መምታት አቅቷቸው አይደለም። እያንዳንዱ ወታደር የራሱ ስም እንዳለውና አንዴ ከሞተ እንደማይመለስ ስለሚዘነጉ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ሩቅ ቦታ ላይ መጫን ነው። የማውሱ ግራ ቁልፍ ያስኬዳል፣ ቀኙ ያስተኩሳል። ጀማሪ የስክሪኑ ጥግ ላይ አንዴ ይጫንና ዝም ብሎ ያያል፤ ወታደሮቹ ተከታትለው ይሄዱና ያላዩት ጠላት አንድ በአንድ ይለቅማቸዋል። ይልቅስ አጭር አጭር ርቀት እየሄዳችሁ ወደፊት ተኩሱ። የጠመንጃ ጥይት አያልቅም፤ ስለዚህ ጥይት መቆጠብ እዚህ ቁጠባ አይባልም። ባዶ ወደሚመስል ቁጥቋጦ መተኮስ ምንም አያስከፍልም፤ አለመተኮስ ግን ሰው ያስከፍላል። ከመነሳታችሁ በፊትም ካርታውን ከፍታችሁ ወንዙና ቤቶቹ የት እንዳሉ እዩ።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚያስጨርሰው ግን ጠላቱን እየገደሉ የሚወጣበትን ጎጆ መተው ነው። ከጎጆዎቹ ጠላት መውጣቱን አያቆምም። በሩ ላይ ቆማችሁ የወጣውን ሁሉ ብትጥሉ ሌላው ይተካል፤ እናንተ ስትዘናጉ ግን የእናንተ ሰው ይወድቃል። ጎጆውን ጥይት አያፈርሰውም፤ የሚያፈርሰው የእጅ ቦምብ ወይም ሮኬት ነው፦ ቀኙን ቁልፍ እንደያዛችሁ ግራውን ትጫናላችሁ። እነዚህ ደግሞ እንደ ጥይቱ አይደሉም፣ ተቆጥረው የተሰጡ ናቸው። በእግሩ የሚሮጥ አንድ ጠላት ላይ ቦምብ የሚወረውር ተጫዋች መጨረሻ ላይ አንድ ጎጆ ቆሞ፣ እጁ ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ምዕራፉን ከመጀመሪያው ከመድገም በቀር መውጫ የለም። ስለዚህ በካርታው ላይ ያሉትን ቤቶች ቁጠሩ፣ የያዛችሁትን ቦምብ ቁጠሩ፣ በሜዳው የተጣሉትን የቦምብ ሣጥኖችም አስቡ። ሌላም አለ። ቦምቡ የወዳጅና የጠላት ልዩነት አያውቅም፤ ፈንድቶ ከቤቱ የሚበተነው ስብርባሪም እንዲሁ። ተጠግታችሁ ወርውራችሁ እዚያው ከቆማችሁ የራሳችሁን ሰው ትገድላላችሁ። ወርውራችሁ ወዲያው ወደ ኋላ ማፈግፈግ ልማድ ይሁንባችሁ።

ሁሉንም ሰው አንድ ላይ ይዞ መዞርም ያስጎዳል። ጨዋታው ወታደሮቹን እስከ ሦስት ቡድን ለመክፈል ይፈቅዳል፤ ቡድኖቹ እባብ፣ ንስርና ፓንተር ይባላሉ። አደገኛ ቦታ ላይ አንድ ሰው ልኮ ሌሎቹን ከኋላ ማቆየት ብዙ ጊዜ ያዋጣል። ስትከፍሉ ግን ቦምቡና ሮኬቱ ከማን ጋር እንደሚሄድ ወስኑ፤ ጎጆው አጠገብ ደርሶ ቦምቡ ከኋላው ቡድን ጋር መቅረቱን ማወቅ ያበሳጫል።

ማንን ልላክ የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው። ከውጊያ የተረፈ ወታደር ማዕረግ ያገኛል፤ ማዕረጉ ሲያድግ የተኩሱ ፍጥነት፣ ኢላማውና ርቀቱ በጥቂቱ ይሻሻላል። ስለዚህ ነባሩን ማትረፍ ይጠቅማል፣ አዲሱን ፊት ማሰለፍ ደግሞ በስሌት ትክክል ነው። እኔ ይህን ስሌት ሳደርግ ደስ አይለኝም፤ ጨዋታው ግን በግድ ያስደርጋችኋል፣ ትልቅነቱም እዚህ ላይ ይመስለኛል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ፣ ጁልስና ጆፕስ፣ እስከ ኋለኛው ተልዕኮ እንዲደርሱ የማይፈልግ ተጫዋች አላውቅም።

ውኃ ላይ ችኩል አትሁኑ። የሚዋኝ ወታደር ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ መተኮስም አይችልም። ማዶውን በጥይት ሳታጸዱ አትግቡ። በኋለኞቹ ምዕራፎች የሚመጡትን ፈንጂዎችና ረግረጎች ደግሞ መሬቱን አስተውሎ ማየት ይበቃል፤ እነሱን የሚረግጠው የሚሮጠው ነው።

በተልዕኮዎች መካከል የሚታየውን ኮረብታ ሳያዩ ማለፍም ስህተት ነው እላለሁ። አዳዲስ ምልምሎች ተሰልፈው ይጠብቃሉ፣ ከኋላቸው ደግሞ ለሞተው ሁሉ አንድ አንድ መቃብር ይቆማል። ጨዋታው ሊወጣ ሲል በጦርነት ለሞቱት መታሰቢያ የሆነውን የቀይ አበባ ምልክት በመጠቀሙ የእንግሊዝ አርበኞች ማኅበር፣ ሮያል ብሪቲሽ ሊጅን፣ ተቃውሞታል፤ ማኅበሩ ጨዋታውን እንደማይደግፍ የሚገልጽ ማሳሰቢያም መክፈቻው ላይ ገብቷል። ቁጣው ይገባኛል። ሆኖም ያ ኮረብታ መቃብር በመቃብር ሲሆን ያየ ሰው ጦርነቱን ጌጥ አድርጎ የሚያየው አይመስለኝም።

በኢሙሌተር የምትጫወቱ ከሆነ በየደቂቃው እያስቀመጣችሁ፣ ሰው በሞተ ቁጥር አትመለሱ። የጨዋታው የራሱ ማስቀመጫ ኮረብታው ላይ ነው፣ ዲስኩ ላይ የሚጻፈውም እዚያ ነው። ተልዕኮ ስትጨርሱ ብቻ አስቀምጡ፣ መቃብሮቹንም ሳትሰርዙ ቀጥሉ።