መብራት ኃይል አንድ ያልሆነበት አገር

አሜሪካ በገባሁ በሳምንቴ የጠየቅሁትን ጥያቄ ዛሬም ከአዲስ መጪዎች አፍ እሰማዋለሁ፦ «የመብራት ኃይል ቢሮ የት ነው?» ጥያቄው ከአገር ቤት አብሮን የመጣ ነው። እኛ ዘንድ ከሞያሌ እስከ ሁመራ ቆጣሪ የሚያስገባውም ሂሳብ የሚሰበስበውም አንድ መሥሪያ ቤት ነው። በ2006 ዓ.ም. ኃይል አመንጪውና አገልግሎት ሰጪው ለሁለት ቢከፈሉም፣ በሰው አፍ ስሙ ያው መብራት ኃይል ነው። እዚህ ግን ኤሌክትሪክ ለሕዝብ የሚያቀርቡ ድርጅቶች ወደ 3,000 ይጠጋሉ። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ የሚወስነው የቤትዎ አድራሻ ነው፤ የዘመድዎ ምክር አይደለም፣ የሚኖሩበት ግዛት ስም እንኳ አይበቃም።

ለምሳሌ ኤክሴል ኢነርጂን እንውሰድ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ሚኒያፖሊስ ነው፤ በስምንት ግዛቶች ይሠራል፦ ሚኒሶታ፣ ዊስኮንሲን፣ ሚሺጋን፣ ሰሜንና ደቡብ ዳኮታ፣ ኮሎራዶ፣ ቴክሳስ እና ኒው ሜክሲኮ። ዝርዝሩን ያየ ሰው ግማሽ አሜሪካን የያዘ ሊመስለው ይችላል። ካርታው ላይ ሲታይ ግን እንደ ተጣፈ ነጠላ ነው። በሚሺጋን የያዘው ሰሜናዊውን ጥግ ብቻ ነው፤ በቴክሳስም አማሪሎ ያለችበትን ሰሜናዊ ክፍል እንጂ ዳላስንም ሂውስተንንም አይነካም። በሚኒሶታና በኮሎራዶ ይዞታው መካከል ደግሞ ነብራስካ አለች፤ እዚያ መብራት ሙሉ በሙሉ በሕዝብ ድርጅቶች እጅ ስለሆነ ለግል ኩባንያ ቦታ የለም። ካርታው እንዲህ የተጣፈው በታሪክ ነው። የሰሜኑን ክፍል የያዘ አንድ ኩባንያ፣ ኮሎራዶንና የቴክሳስን ሰሜን ከያዘ ሌላ ኩባንያ ጋር በ2000 እ.ኤ.አ. ሲዋሃድ የአሁኑ ስም ወጣ።

ይህ ለእኛ ሰው ምን ይፈይዳል? ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል፣ እንዲሁም በዴንቨርና በኦሮራ ይኖራሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዛወረውም ብዙ ነው። ኦሮራ ሲደርሱ በደረሰኙ ላይ ያው ስም ይጠብቅዎታል። ዋጋው ግን ያው አይደለም፤ ታሪፍ የሚጸድቀው በእያንዳንዱ ግዛት ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ነውና። በኮሎራዶ ለመኖሪያ ቤት የተለመደው ታሪፍ በሥራ ቀናት በተወሰኑ ሰዓቶች ከፍ ስለሚል፣ እንጀራ መጋገሩን ወደ ቅዳሜ ማዛወር ያዋጣል። በሚኒሶታ በኩል ደግሞ በፈረንጆች አቆጣጠር ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል መጨረሻ የሚሠራ የክረምት (የብርድ ወቅት) ደንብ አለ፤ ከኩባንያው ጋር የክፍያ ስምምነት አድርጎ ያንን የሚያከብር ቤተሰብ ማሞቂያው አይቋረጥበትም። ስምምነቱን መጠየቅ ግን የደንበኛው ፋንታ ነው። ዝም ብሎ ክረምቱ ያድነኛል ማለት አይሠራም።

ጋዙ ሌላ ጣጣ አለው። ሴንት ፖል ውስጥ መብራቱም ጋዙም የኤክሴል ነው፤ ሚሲሲፒን ተሻግረው ሚኒያፖሊስ ሲገቡ ግን መብራቱ የኤክሴል፣ ጋዙ ሰንተርፖይንት የሚባል የሌላ ኩባንያ ይሆናል። ሰንተርፖይንት ራሱ ቢሮው ሂውስተን ነው፤ እዚያ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሽቦውን ይዘረጋል እንጂ ኤሌክትሪኩን አይሸጥልዎትም። አንድ ስም በሁለት ከተማ ሁለት ሥራ ሲሠራ፣ «የሂውስተኑ ወንድሜ እንዲህ ብሎኛል» የሚለው ምክር ምን ያህል ሊያስት እንደሚችል አስቡት።

በዋሽንግተን ዙሪያ ጉዳዩ በሌላ ወንዝ ይለያል። ፔፕኮ የሚባለው የመብራት ኩባንያ ዲሲን፣ በሜሪላንድም አብዛኛውን የሞንትጎመሪና የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ይይዛል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ በዚህ ውስጥ ነው። ፖቶማክን ተሻግረው አሌክሳንድሪያ ወይም አርሊንግተን ከገቡ ዶሚኒየን ነው። ራቅ ብለው ወደ ፕሪንስ ዊልያም ወይም ወደ ላውደን ከዘለቁ ኖቬክ የሚባል የኅብረት ሥራ ማኅበር ሊያጋጥም ይችላል፤ የማናሳስ ከተማ ደግሞ የራሷ አላት። ዋሽንግተን ጋዝ ግን ወንዝ አይገድበውም፣ በሦስቱም በኩል አለ። ሲያትልም እንዲሁ ነች፦ ከተማዋ የራሷ ሲያትል ሲቲ ላይት አላት፤ ኪራይ ረክሶልኝ ብለው ወደ ኬንት ወይም ወደ ሬንተን ሲወጡ ፑጀት ሳውንድ ኢነርጂ ይቀበልዎታል።

የቴክሳሱ ከሁሉም ይለያል። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዳላስና በሂውስተን ሽቦው የአንድ ኩባንያ ነው፤ በዳላስ ኦንኮር ይባላል። ኤሌክትሪክ የሚሸጡልዎት ግን ብዙ ነጋዴዎች ናቸው፣ ምርጫውም የእርስዎ ነው። የግዛቱ ኮሚሽን የሚያስተዳድረው «ፓወር ቱ ቹዝ» የተባለ ማነጻጸሪያ አለ። ሲያነጻጽሩ የደመቀውን ዋጋ ብቻ አይመኑ፤ አንዳንዱ ውል የሚረክሰው ወርዎ ልክ 1,000 ኪሎዋት ሰዓት ሲሞላ ነው፣ ትንሽ ከጎደለ ቅናሹ ይቀራል። መብራት ከጠፋ የሚደወለው ለሽቦው ባለቤት ነው እንጂ ለሻጩ አይደለም። የአገራችን ሰዎች በሚበዙባት በጋርላንድ ግን ከተማዋ የራሷ ድርጅት ስላላት፣ በአብዛኛው ክፍል ይህ ሁሉ ምርጫ የለም። በእኔ ግምት ለአዲስ ሰው ይህ ዕረፍት ነው።

እንግዲህ ቤት ሲያገኙ፣ ውሉን ከመፈረምዎ በፊት አከራዩን ይጠይቁ፦ መብራቱ የማን ነው? ጋዝ አለ ወይ፣ የማን ነው? በማን ስም ይከፈላል? ስልክ ሲደውሉ ሙሉ አድራሻውን ከአፓርትመንት ቁጥሩ ጋር ይያዙ፤ ዚፕ ኮዱ ብቻ አይበቃም፣ አንድ ዚፕ ኮድ በሁለት ድርጅት ሊከፈል ይችላልና። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ካልደረሰልዎ ፓስፖርት የሚቀበሉ መኖራቸውን ይጠይቁ፤ የብድር ታሪክ ለሌለው ሰው ማስያዣ ገንዘብ መጠየቃቸው የተለመደ ነው። ከሌላ ግዛት የሚዛወሩ ከሆነ ከቀድሞው ኩባንያ በወቅቱ ከፋይ እንደነበሩ የሚገልጽ ደብዳቤ ያስጽፉ፤ ማስያዣውን ሊያስቀርልዎት ይችላል።

በር አንኳኩቶ «ሂሳብዎን አሳዩኝ፣ ላስረክስልዎ» የሚል ሰው ሜሪላንድና ዲሲ ውስጥ ይመጣል። እዚያም ሻጭ መምረጥ ስለተፈቀደ ሥራው ሕጋዊ ሊሆን ይችላል፤ ደረሰኙ ላይ ያለውን የደንበኛ ቁጥር ግን አያሳዩት፣ ሻጭዎን ለመለወጥ እሱ ሊበቃው ይችላል። «በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንቆርጣለን፣ በስጦታ ካርድ ክፈል» ብሎ የሚደውለው ግን ሌባ ነው።

ምጣዱን ከአዲስ አበባ ተሸክመው አይምጡ። የእኛ በ220 ቮልት የሚሠራ ነው፣ የዚህ አገር የግድግዳ ሶኬት 120 ነው፤ ይሞቃል እንጂ አይግልም። ሚኒሶታ ያሉ እናቶች መፍትሔውን ድሮ አግኝተውታል፦ ኖርዌጂያኖች ለፍሴ የሚሉትን ቂጣቸውን የሚጋግሩበት ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራችንን አሳምሮ ያወጣል።

አንድ የራሴን ስሕተት ልንገራችሁ። ከአንድ ቤት ስለቅ ቁልፍ ማስረከብ በቂ መስሎኝ ሂሳቡን ሳላዘጋ ሄድሁ፤ ተከራዩ እስኪለወጥ ድረስ የሰው ማሞቂያ የሞቀው በእኔ ስም ነበር። ከዚያ ወዲህ በምለቅበት ቀን ኩባንያው ዘንድ ደውዬ አዘጋለሁ፣ የቆጣሪውንም ቁጥር በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ።