የፋይበር ጀልባ ወለል ሸካራው ሲያልቅ እንዴት ይመለሳል

ጎርጎራ ጣና ዳር ያሉት የፋይበር ጀልባዎች ሰው የሚረግጠው ቦታቸው እንዳያንሸራትት ሸካራ ቅርጽ አለው። እሱ ሲሰነጠቅ ወይ ሲያልቅ ብዙ ሰው ስቱኮ ሞልቶ ቀለም ቀብቶ ይጨርሳል፣ ከዛ በእርጥብ እግር የረገጠው ሁሉ ይንሸራተታል። ቅርጹን ደግሞ ሩቅ መፈለግ አያስፈልግም፣ እዛው ጀልባው ላይ ካልተበላሸው በኩል ኮፒ ይደረጋል።

መጀመሪያ ደህናውን ቦታ በሳሙናና በብሩሽ አጥባችሁ አድርቁት፣ ሰም ቀብታችሁ ወልውሉና የሞልድ ሲሊኮን (ቅርጽ የሚቀዳ ፈሳሽ ጎማ) አፍስሱበት፣ ከሚጠገነው ቦታ በየጎኑ 3 ሳንቲም ያህል ይስፋ። ሲደርቅ ተላጦ ይነሳል።

ወደ ተበላሸው ስትመጡ አሴቶን ይቀድማል፣ ብርጭቆ ወረቀት ከሱ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ካገላበጣችሁት ወለሉ ላይ ያለው ሰምና ቅባት ጭረቱ ውስጥ ይገባና አዲሱ አይዝም። በ80 ቁጥር ፈግፍጉት፣ ስንጥቁን ከፍታችሁ ሙሉት፣ ግን ለጄልኮቱ (ፋይበሩን ከላይ ለሚሸፍነው ባለ ከለር ንብርብር) ትንሽ ዝቅ ይበል። ሲረገጥ የሚረግብ ከሆነ ግን ችግሩ ከስር ነው፣ ላይ ላዩን ብትለፉ ተመልሶ ይሰነጠቃል።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ከለሩ ነው ባይ ነኝ። ነጭ የነበረው ጀልባ ፀሐይ በልቶት ነጭ አይደለም፣ ስለዚህ ጄልኮቱ ላይ ቢጫና ጥቁር ፒግመንት በጥርስ እንጨት ጫፍ እየጨመራችሁ አማስሉ፣ ሃርድነር (ጄልኮቱን የሚያደርቀው ፈሳሽ) ሳይገባበት ደህናው ወለል ላይ ጠብ አድርጉና ውጭ በቀን ብርሃን እዩት፣ ካልገጠመ በአሴቶን ጥረጉና እንደገና። ጋራዥ ውስጥ በአምፖል የገጠመ ከለር ውጭ ሲወጣ ሌላ ነው።

ሃርድነሩ ለ100 ግራም ጄልኮት 2 ሚሊ አካባቢ ነው፣ በሲሪንጅ ለኩት፣ መነጽርም አድርጉ ምክንያቱም ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ይችላል። ከ15 ዲግሪ በታች በደንብ ስለማይደርቅ የጎንደር ጠዋት አይሆንም፣ ረፋድ 4 ሰዓት ካለፈ ይሻላል፣ ክረምትማ ባትነኩት።

ዙሪያውን ቴፕ ለጥፋችሁ ጄልኮቱን ቀቡ፣ ሲሊኮኑን የቅርጹን መስመር አስተካክላችሁ ከአንድ ጫፍ እያስተኛችሁ አየሩን ግፉት፣ ላዩ ላይ ጣውላና ቀላል ክብደት ይበቃል። ጣሳ ውስጥ የተረፈው ደረቀ ብላችሁ ግን እንዳታነሱት፣ እሱ ክምር ስለሆነ ራሱ ይሞቅና ቶሎ ይደርቃል፣ ስስ የተቀባው ይዘገያል። ስታነሱት አየር ያገኘው ጠርዝ ሊያጣብቅ ይችላል፣ በአሴቶን ጥረጉት፣ አረፋ የቀረበትን ቀዳዳም ሃርድነር ሳይገባበት ካስቀራችሁት ከለር ትንሽ በሃርድነር በጥብጣችሁ በጥርስ እንጨት ሙሉት።