ለሕፃናት ትምህርት ስንሟገት የምንሠራቸው ስህተቶች

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ጧት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ልጅ ከሚቀበሉት ደይኬሮች መካከል የኛ ሴቶች የከፈቷቸው ወይም የሚሠሩባቸው ጥቂት አይደሉም። የሳሎናቸውን ግማሽ ለሕፃናት ለቀው፣ ላይሰንስ አውጥተው፣ ኢንስፔክተር በሩን ባንኳኳ ቁጥር ልባቸው እየመታ የሚኖሩ ናቸው። እኔም ከነሱ ጋር በከተማው ምክር ቤት (ካውንስል) ፊት እየቀረብኩ፣ ከሌሎች ማኅበሮች ጋር በጥምረት እየሠራሁ ዓመታት አሳልፌያለሁ። ከታች የጻፍኳቸውን ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በራሪ ወረቀቱን ቃል በቃል መተርጎም

«ሬሻል ኢኩዊቲ» የሚለውን «የዘር እኩልነት» ብዬ ገልብጬ ሁለት መቶ ወረቀት አሳተምኩ። በየእንጀራ መሸጫውና በየካፌው በር ለጠፍኩ። በስብሰባው ዕለት የመጡት ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዷ በሩ ላይ ቆማ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «የየትኛው ብሔር ስብሰባ ነው?» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። ለኛ ሰው «ዘር» አገር ቤት ደም የፈሰሰበት ቃል ነው፤ ከዚያ ሸሽቶ የመጣን ሰው በዚያው ቃል ጠርተነው እንዴት ይመጣል? ቀጥሎ ባሳተምነው ወረቀት ላይ ዘር የሚል ቃል አልነበረም። «ልጅ የምታስተምር ሴት ደመወዝ ለምን እንዲህ አነሰ?» ብቻ ይል ነበር። ወንበር አነሰን። የቆዳ ቀለም አድልዎን ነገር እዚያው ራሳቸው አነሡት።

በነገራችን ላይ የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከ2004 ጀምሮ አለ፤ አማርኛም የከተማው መሥሪያ ቤቶች ሊያገለግሉባቸው ከሚገቡ ቋንቋዎች አንዱ ነው። አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም። ቀደም ብላችሁ ጠይቁ፤ የተተረጎመውንም ጽሑፍ ከማሳተማችሁ በፊት ደይኬር የምትሠራ አንዲት ሴት ታንብበው።

«ይኼ የአሜሪካ ጥቁሮች ጉዳይ ነው» ብሎ መቀመጥ

ከኛ ሰው አፍ ደጋግሜ የሰማሁት ይኼንን ነው፤ የሚያስከፍለንም እሱ ነው። በ2024 በመላ አሜሪካ የሕፃናት ተንከባካቢዎች መካከለኛ ደመወዝ በሰዓት 15 ዶላር ገደማ ነበር። ይኼ ዋጋ ከሰማይ አልወረደም። በባርነት ዘመን የጌታውን ልጅ ታሳድግ የነበረችው ጥቁር ሴት ምንም አይከፈላትም ነበር፤ ከነጻነት በኋላም ያው ሥራ በሳንቲም ቀጠለ። በ1938 ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል ያወጣው የፌዴራል ሕግ የቤት ሠራተኞችንና የእርሻ ሠራተኞችን ውጭ ተዋቸው። ደቡብ ውስጥ እነዚህን ሥራዎች በብዛት ይሠሩ የነበሩት ጥቁሮች ነበሩ። የቤት ሠራተኞች በዚያ ሕግ ጥላ ሥር የገቡት ገና በ1974 ነው። እህታችን ዛሬ የምትቀበለው ክፍያ የዚያ ታሪክ ውርስ ነው፤ እሷ ቦሌ ተወልዳ ማደጓ ከውርሱ አያወጣትም።

ትግሉም ውርስ አለው። በ1965 ሄድ ስታርት የሚባለው ለድሃ ቤተሰብ ሕፃናት የታሰበ የፌዴራል ፕሮግራም ሲጀመር ሚሲሲፒ ውስጥ የሕፃናት ልማት ቡድን የሚባል ድርጅት ተቋቁሞ ነበር። ጥጥ ሲለቅሙና ሰው ቤት ሲያገለግሉ የኖሩ ጥቁር እናቶች የሕፃናት ማዕከሎችን ራሳቸው መምራት ጀመሩ። የደመወዛቸው ምንጭ ዋሽንግተን ስለነበር የአካባቢው ባለመሬት ሊያባርራቸው አልቻለም። ያበሳጨውም ይኸው ነው። የሚሲሲፒው ሴናተር ጆን ስቴኒስ የድርጅቱን ገንዘብ ለማስቆም ብዙ ታገሉ። በ1971 ደግሞ ኮንግረስ አገር አቀፍ የሕፃናት እንክብካቤ ሕግ አጽድቆ ነበር፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ሻሩት። ይኼን የማያውቅ ተሟጋች ከጥቁር አሜሪካውያን እናቶች ጋር አብሮ ሲቀመጥ እንደ እንግዳ ያወራል፤ እነሱም ቶሎ ይገባቸዋል።

ሌላም አለ። በ2011/12 የትምህርት ዓመት በመንግሥት ቅድመ መደበኛ ከተመዘገቡት ልጆች ጥቁሮቹ 18 በመቶ ነበሩ፤ ከአንድ ጊዜ በላይ ከትምህርት ከታገዱት ውስጥ ግን 48 በመቶው እነሱ ነበሩ። እየተወራ ያለው ስለ ሦስትና አራት ዓመት ልጆች ነው! አራት ዓመት የሞላውን ልጅ ወደ ቤት የምትልከው አስተማሪ እናቱ ከጎንደር ትሁን ከጆርጂያ አትጠይቅም። ዲሲ በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆችን ማገድና ማባረርን በ2015 ሕግ የከለከለችው በጥቁር ወላጆችና ተሟጋቾች ጩኸት ጭምር ነው፤ የኛም ልጆች ተጠልለውበታል።

ጥምረቱም ጥፋት የለበትም ማለቴ አይደለም። «ጥቁር» በሚል አንድ ሣጥን ሁሉንም ሲጠቀልል ቤቱ አማርኛ ብቻ የሚሰማ ልጅ ይጠፋል። በመጋቢት 2024 የፌዴራል መንግሥት የዘር መጠይቁን ሲያሻሽል «ጥቁር» ከሚለው ሥር «ኢትዮጵያዊ» የሚል የራሱ ምርጫ አስገብቷል። መሥሪያ ቤቶቹ ወደዚህ እንዲቀየሩ ያኔ የተሰጣቸው ጊዜ አምስት ዓመት ነበር። ከተማችሁ መቼ እንደምትጀምር ካሁኑ ጠይቁ።

ሕጉ ሲጸድቅ እልል ብሎ ወደ ቤት መግባት

በ2018 የዲሲ ካውንስል ከልደት እስከ ሦስት ዓመት ላሉ ሕፃናት ትልቅ ሕግ አጸደቀ። ፎቶ ተነሣን፣ ዳቦ ቆረስን። ከሕጉ ግርጌ ግን አብዛኛው የሚፈጸመው በጀት ሲመደብለት ብቻ መሆኑ ተጽፎ ነበር። የወረቀት ሕግ ይዘን ሦስት ዓመት ቆየን።

ገንዘቡ የመጣው በ2021 ካውንስሉ በዓመት ከ250 ሺህ ዶላር በላይ በሚያገኙ ነዋሪዎች ላይ ግብር ሲጨምር ነው። ከዚያ ላይ ለአስተማሪዎች የደመወዝ ማካካሻ ፈንድ ተቋቋመ፤ በ2022 ሙሉ ሰዓት የሚሠሩ ዋና አስተማሪዎች እስከ 14 ሺህ፣ ረዳቶች እስከ 10 ሺህ ዶላር ተቀበሉ። ቼኩን አይታ መልሳ ወደ ፖስታው የከተተች ሴት አውቃለሁ፤ በስህተት የመጣ መስሏት። እንደገና እልል አልን። በ2024 የከንቲባዋ የበጀት ረቂቅ ሲወጣ ፈንዱ የለበትም። አብዛኛው ገንዘብ በካውንስሉ የተመለሰው አስተማሪዎችና ወላጆች አዳራሹን ከሞሉ በኋላ ነው።

የበጀት ዓመቱ ኦክቶበር 1 ይጀምራል፤ የከንቲባው ረቂቅ በአሜሪካ ፀደይ (ስፕሪንግ) ይወጣል። ስለዚህ ረቂቁ ከወጣ በኋላ መጮኽ የተጋገረ እንጀራ ላይ እርሾ እንደ መጨመር ነው። መሥሪያ ቤቶች ጥያቄያቸውን በሚያዘጋጁበት በአሜሪካ በልግ (ፎል) እና በክረምቱ (ዊንተር) መጀመሪያ፣ ማንም በማይጮኽበት ሰዓት፣ መሄድ ይሻላል። የኒው ሜክሲኮ ሰዎች ከዚህም አልፈው አስበዋል። ከነዳጅና ከጋዝ ገቢ ከሚሞላው የክፍለ ግዛቱ ቋሚ ፈንድ ለሕፃናት ድርሻ እንዲሰጥ ከአሥር ዓመት በላይ ወተወቱ፤ በ2022 ጉዳዩ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ 70 በመቶ ገደማ ደገፈው፣ ሕገ መንግሥታቸው ውስጥም ገባ። በየዓመቱ ለመለመን የሚዳረጉት እነሱ ሳይሆኑ እኛ ነን።

መመዘኛ ከፍ ማለቱን ብቻ እንደ ድል መቁጠር

በ2016 ዲሲ ዋና አስተማሪዎች ቢያንስ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ እንዲኖራቸው ደንብ አወጣች። ሐሳቡ ለልጆች በጎ ነው፤ እኔም ደግፌ ነበር። ነገር ግን ሃያ ዓመት ልጅ ያሳደገች፣ እንግሊዝኛዋ ለኮሌጅ ድርሰት የማይበቃ፣ ቀን ሙሉ ልጆች የያዘች ሴት መቼ ትማር? አገር ቤት አስተማሪ የነበረችዋም የትምህርት ማስረጃዋን አስገምግማ፣ ከፍላ፣ ጠብቃ ነው። ከሥራ የመውጣት አደጋ የተጋረጠባቸው በብዛት ጥቁሮችና ስደተኞች ነበሩ። የመክፈያ ገንዘብ፣ የማታ ክፍል፣ በራስ ቋንቋ የሚሰጥ ሥልጠና ሳይጠየቅ የተጠየቀ መመዘኛ የሚያባርረው ሰው አስቀድሞ ይታወቃል።

የአራት ዓመቱን ልጅ ይዞ የአራት ወሩን መርሳት

ዲሲ በ2008 ባወጣችው ሕግ የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች በመንግሥት ገንዘብ የሚማሩበትን በር በሰፊው ከፈተች። ለቤተሰቦች ትልቅ እፎይታ ነው። የደይኬር ሒሳብ ግን ሌላ ነው። በሕፃናት ማዕከል ለአራት ጨቅላ አንድ አስተማሪ ያስፈልጋል፤ አራት ዓመት የሞላቸውን አንዷ እስከ አሥር ልትይዝ ትችላለች። የትልልቆቹ ክፍያ ነው የትንንሾቹን ወጪ የሚደጉመው። ትልልቆቹ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ለሴትየዋ የሚቀሯት ብዙ ወጪ ያላቸው ብቻ ናቸው። በሌላ ከተማ ተመሳሳይ ሕግ የሚረቅ ከሆነ፣ የቤት ደይኬሮችም ከዚያው ገንዘብ ድርሻ አግኝተው ትልልቆቹን ማስተማር እንዲችሉ ከመጀመሪያው አስገቡበት። በኋላ ማስተካከል በጣም ይከብዳል።

«እኛ ለትርፍ ያልቆምን ማኅበር ነን፤ አይፈቀድልንም»

ይፈቀዳል። የማይፈቀደው ለምርጫ ተወዳዳሪ መቀስቀስ ነው። ስለ ሕግ ረቂቅ ለካውንስል አባል መናገር በገደብ የተፈቀደ ነው፤ ከ1976 ጀምሮ የፌዴራል ግብር መሥሪያ ቤቱን (አይአርኤስ) ቅጽ 5768 የሞላ ማኅበር ከወጪው የመጀመሪያ 500 ሺህ ዶላር እስከ 20 በመቶውን ለዚህ ሊያውል ይችላል። ቤተ ክርስቲያኖችና መስጊዶች ይኼን ቅጽ መሙላት አይችሉም፤ የሥራቸው ዋና ክፍል እስካልሆነ ድረስ መናገር ግን ይችላሉ። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ አገር ቤት ያስለመደን ነው።

ስብሰባውን ባልሆነ ሰዓት መጥራት

አጭር ነው፦ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የተጠራ ስብሰባ ልጅ የያዘችን ሴት አይጠራም። እሑድ ጧት ቅዳሴ አለ። ዓርብ ማታ ከመጣች ደግሞ አይብ ያለበት ፒዛ አታቅርቡላት።

አንዲትን እናት ደጋግሞ ማስለቀስ

በምስክርነት መስጫው ላይ ለአንድ ሰው የሚሰጠው ሦስት ደቂቃ ያህል ነው። እኛ ጥሩ የምትናገር አንዲት ሴት አግኝተን ነበር፤ አራት ጊዜ ወሰድናት። ቤት ኪራዩን፣ የወገቧን ሕመም፣ ለእናቷ መላክ ያቃታትን ብር አራት ጊዜ አወራች፣ አራት ጊዜ አለቀሰች። የካውንስል አባላቱ አመሰገኗት። የፈንዱን ዝርዝር ለማርቀቅ የተሰበሰቡት ሰዎች ክፍል ውስጥ ግን አንድም ደይኬር ያላት ሴት አልተጠራችም፤ እኔ ገብቼ ነበር፣ አለመኖሯም ትዝ አላለኝም።

ለአምስተኛ ጊዜ ስደውልላት «ታሪኬን ጨርሻለሁ፤ አሁን ረቂቁን አምጣልኝ» አለችኝ። ወሰድኩላት። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ወጥ ቤቷ ውስጥ ቁጭ ብለን፣ መነጽሯን አድርጋ፣ በእርሳስ እያሰመረች አነበበችው። አራተኛው ገጽ ላይ ቆመች። «ረዳት አስተማሪ ማለት በፔይሮል የተመዘገበች ብቻ ከሆነ፣ የኔ ቤት የምትረዳኝ የአክስቴ ልጅ የለችበትም ማለት ነው። የኛ ቤቶች ሁሉ እንዲህ ናቸው። ይኼን የጻፈው ሰው የቤት ደይኬር አይቶ ያውቃል?»

ሳልመልስላት ጎንበስ ብዬ ገጹን እንደገና አነበብኩት።