እብነ በረድ ላንጥፍ ወይስ ይቅርብኝ? ድሬዳዋ ላይ ወለል ከመምረጣችሁ በፊት

ድሬ ላይ ቤቱን እብነ በረድ ለማንጠፍ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «በካሬ ስንት ነው?» ብሎ ነው። እሱ ይቆይ። ቀድማችሁ ማየት ያለባችሁ ቤታችሁ ውስጥ እንዴት እንደምትኖሩ ነው። ማን ጫማውን በር ላይ ያወልቃል? ማን ኮካ ይደፋል? ወለሉን የሚወለውለው ማን ነው፣ በምንስ ይወለውላል? ድንጋዩ ቆንጆ ነው፣ እሱ ላይ ክርክር የለም። ግን ድሬ የማይስማሙት ሦስት ነገሮች የሞሉባት ከተማ ናት፦ አሸዋ፣ ሎሚ እና ኖራ የበዛበት ውሃ።

1. ምን እንደምትገዙ እወቁ

እብነ በረድ ማለት ምድር ውስጥ በሙቀትና በግፊት ብዛት የተለወጠ የኖራ ድንጋይ ነው። ይቺን ያዟት፣ ሌላው ጣጣ ሁሉ የሚመጣው ከእሷ ነው። ኖራን አሲድ ይበላዋል። ሎሚ አሲድ ነው፣ ኮምጣጤ አሲድ ነው፣ ኮካውም ቲማቲሙም አሲድ አለባቸው። ጠብ ያሉበት ቦታ ላይ ማንጸባረቁ ይጠፋና ደብዘዝ ያለ ምልክት ይቀራል። ምልክቱ ድንጋዩ ራሱ የተበላበት ቦታ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ብትፈትጉት አይለቅም።

ጥንካሬውም እንደሚወራለት አይደለም። የማዕድን ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በሚለካበት በሞህስ መለኪያ እብነ በረድ 3 አካባቢ ነው። ግራናይት ከ6 እስከ 7 ይደርሳል። አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ደግሞ 7 ነው። ስለዚህ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ በጫማ ተሸክሞ ገብቶ ሳሎን ውስጥ መመላለስ ማለት ወለሉን በየቀኑ መሞረድ ማለት ነው። ጥሩው ነገር፣ እኛ ጋ ብዙ ቤት ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ይሄ ልማድ ቤታችሁ ውስጥ ከሌለ፣ ወይም እንግዳ ሲመጣ «ኧረ ግባ አቦ፣ አታውልቅ» የምትሉ ከሆነ፣ ከአሁኑ አስቡበት።

2. ቁራጭ ይዛችሁ ግቡና አሰቃዩት

ሻጩን ቁራጭ ጠይቁት። ቁራጭ አልሰጥም የሚል ሻጭ ጋ አትቆዩ። ቤት ስትደርሱ የቁራጩ አንድ ጥግ ላይ ሎሚ ጨምቁ፣ ሩብ ሰዓት ተዉት፣ ከዚያ ጥረጉና ወደ መስኮት አዘንብላችሁ እዩት። ከደበዘዘ እብነ በረድ ወይም ሌላ የኖራ ዘር ነው። ምንም ካልሆነ በእጃችሁ ያለው ምናልባት ግራናይት፣ ምናልባትም እብነ በረድ እንዲመስል ፋብሪካ የሠራው ፖርስሊን ነው። ፖርስሊኑን ለመለየት የተቆረጠውን ጎኑን እዩ። የተፈጥሮ ድንጋይ መስመሩ እስከ ውስጥ ይዘልቃል፣ የብዙው ፖርስሊን ግን ላይ ላዩን ብቻ ነው። ይሄ ፍተሻ ቀልድ አይደለም፣ ገበያ ላይ ሦስቱም ስማቸው ይቀያየራል።

ሌላው ጥግ ላይ ዘይት ጠብ አድርጉና አሳድሩት። እርድ ሞክሩ፣ ቡና ሞክሩ። ኢድና ሠርግ በመጣ ቁጥር ሂና የሚበጠበጥበት ቤት ከሆነ ሂናውንም ሞክሩ፣ ምክንያቱም ነጭ ድንጋይ ውስጥ የገባ ሂና ከእጅ ላይ እንደሚለቀው አይለቅም። በመጨረሻ ቁራጩን በር ላይ፣ ሰው ሁሉ የሚረግጠው ቦታ አስቀምጡትና ጥቂት ሳምንት ተመላለሱበት። ከዚያ ሁሉ በኋላ የሚቀረውን መልክ ካልጠላችሁት ድንጋዩ የእናንተ ነው። ሱቅ ውስጥ አብለጭልጮ ያያችሁትን ብቻ ከወደዳችሁ ግን የወደዳችሁት አዲስነቱን ነው፣ እሱ ደግሞ አይቆይም።

3. ውሃው

ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የማየው ይሄን ነው። የድሬ ውሃ ከመሬት ውስጥ እየተሳበ የሚመጣ ውሃ ነው፣ ኖራው ብዙ ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ታውቁታላችሁ። ያው ነጭ ነገር ውሃ በደረቀበት ወለል ላይም ጠብታ ጠብታ ሆኖ ይቀራል። ሴራሚክ ላይ ቢሆን ችግር የለውም፣ ኮምጣጤ ወይ የሽንት ቤት አሲድ አፍስሰን ፈትገን እናስለቅቀዋለን። እብነ በረድ ላይ ግን ነጩ ጠብታና ድንጋዩ የአንድ ዘር ናቸው። አንዱን የሚበላ ሌላውንም ይበላል። ጠብታውን አጸዳለሁ ብሎ አሲድ ያፈሰሰ ሰው ከጠብታው ጋር ወለሉንም አጥቦ ይወስደዋል።

መፍትሄው ቀላል ነው ግን አድካሚ ነው። ለስላሳ ሳሙና ጠብ በተደረገበት ውሃ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ትወለውላላችሁ፣ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ትደግማላችሁ። ውሃ ደፍቶ በመጥረጊያ እየገፉ ማጠብ የለም። ኮምጣጤ የለም፣ ሎሚ የለም፣ አሲድ የለም። በረኪናንም ልማድ አታድርጉት። (በነገራችን ላይ በረኪናና አሲድ ቀላቅሎ ማጠብ ለየትኛውም ወለል አይደረግ፣ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይጎዳል።) አሁን ደግሞ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ቤታችሁን የሚያጸዳው ሰው ይሄን ሁሉ በየቀኑ ያደርገዋል? ቤቱን የምታግዛችሁ ልጅ እስከዛሬ የሠራችው ሴራሚክ ቤት ከሆነ እጇ የሚሄደው ወደለመደችው ነው፣ አይፈረድባትም። ማስረዳት የእናንተ ሥራ ነው።

4. ቤቱን በሙሉ ሳይሆን ክፍል በክፍል ወስኑ

ሳሎን ላይ እሺ እላለሁ። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ከሰዓት በኋላ ባዶ እግር ቀዝቃዛ ድንጋይ መርገጥ ያስደስታል። ግን አንድ ነገር እንተማመን፦ ቴራዞም (ከሲሚንቶና ከድንጋይ ፍርፋሪ የሚሠራው ወለል) ሴራሚክም ይቀዘቅዛሉ። ቅዝቃዜው የሚመጣው ድንጋዩ ከእግራችሁ ሙቀት ቶሎ ስለሚቀበል ነው፣ ምድር ቤት ከሆነ ደግሞ ከሥሩ ያለው መሬት ያግዘዋል። ፎቅ ላይ፣ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ሲያቃጥለው የዋለ ክፍል ውስጥ ድንጋዩም አብሮ ይሞቃል። ለቅዝቃዜው ብቻ ብላችሁ ከሆነ ቴራዞ አሠሩና የተረፈውን ብር ለጣራው አውሉት።

በርጫ የሚቀመጥበት፣ ማለትም ጫት የሚቃምበት ክፍል ከሆነ ደግሞ ሌላ ሐሳብ አለኝ። ፍራሽ ይነጠፋል፣ ኮካና ሻይ መሬት ላይ ይደረደራል፣ ከሰሉ አጠገብ ይቀመጣል። ከሰሉን በቀጥታ ድንጋዩ ላይ አታስቀምጡ፣ ይሰነጠቃል ወይም ቀለሙ ይቀየራል። መጠጡ ሁሉ ትሪ ላይ ይሁን። «እኛ ለትሪ አንሆንም» ካላችሁ ለዚያ ክፍል ፖርስሊን ይሻላል።

መኝታ ቤት፣ ይሁን። ኩሽና፣ በጭራሽ። ሎሚ፣ ዘይት፣ በርበሬ ያለበት ቦታ እብነ በረድ ማንጠፍ ጠብ መፈለግ ነው። መታጠቢያ ቤትም ይቅር፣ የተወለወለ ድንጋይ ከውሃና ሳሙና ጋር ያንሸራትታል፣ በተለይ ቤት ውስጥ አዛውንት ካሉ። በረንዳና ደረጃ ላይ ፊቱ ሻካራ ተደርጎ የተሠራ ግራናይት አድርጉ።

ሐረር ያላችሁ ሒሳባችሁ ሌላ ነው። ከተማዋ ከ1,800 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ ማታ ማታ ድንጋዩ እግር ይቆነጥጣል፣ ምንጣፍ መጨመራችሁ አይቀርም። ምንጣፍ ካለበሳችሁት ደግሞ ለምን ገዛችሁት? ጀጎል (በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ሐረር) ውስጥ «ጌይ ጋር» የሚባለው የድሮ የሐረሪ ቤት ያላችሁ ከሆነ ጭራሽ አትንኩት። ጀጎል በ2006 በፈረንጆች አቆጣጠር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፣ ቤት ውስጥ ማንኛውንም ነገር ከመቀየራችሁ በፊት የቅርስ ቢሮውን መጠየቅ አለባችሁ። ደግሞስ ያ ቀይ ወለልና ነደባ (የመቀመጫው መደብ) እያለ በእብነ በረድ መለወጥ ምን ይሉታል!

5. ቤቱ ይችለዋል?

2 ሴንቲ ውፍረት ያለው እብነ በረድ በካሬ 54 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከሥሩ የሚገባው 3 ሴንቲ ሞርታር ሌላ 60 ኪሎ ይጨምራል። 4 በ5 የሆነ ሳሎን፣ ማለትም 20 ካሬ ብላችሁ ብታሰሉት 2,300 ኪሎ አካባቢ ይመጣል። ምድር ቤት ከሆነ አያሳስብም። ሶሌታ (የፎቅ ኮንክሪት ወለል) ላይ ከሆነ ግን ግንበኛው «ይችላል፣ ችግር የለም» ስላለ ብቻ አትጀምሩ፣ ኢንጂነር ይየው።

ወለሉ በ5 ሴንቲ ከፍ ይላል። በሮቹ ከታች መቆረጥ አለባቸው፣ የብረት በር ከሆነ ብየዳ አለበት፣ ከሚቀጥለው ክፍል ጋርም እርከን ይፈጠራል።

እርጥበቱንም ፈትሹ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ፕላስቲክ ባዶው ሲሚንቶ ላይ ዘርጉ፣ ዳርና ዳሩን በፕላስተር አሽጉት፣ አንድ ሁለት ቀን ተዉት። ከሥሩ የውሃ ጠብታ ካገኛችሁ መሬቱ እርጥበት ያወጣል ማለት ነው፣ ነጭ ድንጋይ ደግሞ ከሥር በሚመጣ እርጥበት ቢጫ ይሆናል፣ ጨውም ያወጣል። ደቻቱ ዳር ያላችሁ ይሄን ፍተሻ አትዝለሉት። የ1998ን ጎርፍ ያየ ሰው ለምን እንደምል ይገባዋል።

6. አሁን ዋጋው

ሱቁ የሚነግራችሁ የድንጋዩን ዋጋ ብቻ ነው። እናንተ ግን ለመቁረጫና ለስብራት 10 በመቶ ጨምሩ፤ 20 ካሬ ክፍል 22 ካሬ ይገዛለታል። ትራንስፖርት፣ ሞርታር፣ ዞኮሎ (ግድግዳው ሥር የሚዞረው ጠርዝ)፣ የእጅ ዋጋ፣ ፖሊሽ፣ ሲለር (ድንጋዩ ቶሎ እንዳይመጥ የሚቀባው) ይከተላሉ። አገር ውስጥ ከሚወጡት የታወቀው የዳለቲ ነጭ እብነ በረድ ከቤንሻንጉል ጉሙዝ ነው፣ ከእኛ አንጻር የአገሪቱ ሌላኛው ጫፍ። መንገድ ላይ የተሰበረው በማን ሒሳብ እንደሆነ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ ይቀመጥ። ግራናይት ግን ጎረቤታችን ባቢሌ አለ። ወለሉን በራሱ ለሚወድ ሳይሆን በላዩ ላይ ለሚኖር ሰው መጀመሪያ ዋጋው መጠየቅ ያለበት ግራናይቱ ነው ባይ ነኝ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ አለ፣ ከግዢ በፊት የሚጠየቅ፦ ከጥቂት ዓመት በኋላ ወለሉ ሲደበዝዝ ማን ይወለውለዋል? ማሽኑና ዲስኩ ያለው ባለሙያ ከተማው ውስጥ ከሌለ ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ትራንስፖርቱና አልጋው ከእናንተ ኪስ ነው። ያንንም ደምሩት። ለማከራየት የምትሠሩት ቤት ከሆነ ሒሳብ ውስጥም አትግቡ፣ ሴራሚክ አድርጉ።

7. ይንጠፍ ካላችሁ

ሙሉውን በአንድ ጊዜ ግዙ፣ ከአንድ ብሎክ የተቆረጠ ይሁን፣ በኋላ ብትጨምሩ ቀለሙ አይገጥምም። ጥቂት ትርፍ አስቀምጡ። በጣም ከሚያብለጨልጨው ይልቅ ፊቱ ሳይንጸባረቅ ለስልሶ የቀረውን ምረጡ፣ ጭረትም የሎሚ ምልክትም ብዙ አይታይበትም። ለነጭ ድንጋይ ሞርታሩ በነጭ ሲሚንቶ ይሁን፣ ግራጫው ወደ ላይ ጥላ ያሳያል። ሞርታር ከመግባቱ በፊት ድንጋዮቹ ወለሉ ላይ በደረቁ ይደርደሩና መስመራቸውን ራሳችሁ አስተካክሉ።

ሲለር አስቀቡ፣ ግን ተአምር አትጠብቁ። ዘይትና ቡና ቶሎ እንዳይሰርግ ያዘገያል እንጂ ሎሚን አይከለክልም።

ግንበኞች ሥራ ሲጨርሱ የሲሚንቶ ቅሪት በአሲድ ማጠብ ልማዳቸው ነው። አሲድ እንደማይነካው ውሉ ውስጥ አስገቡ፣ በመጨረሻው ቀን ደግሞ እዚያው ተገኙ። ቀሪውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት እያንዳንዱን ድንጋይ በሳንቲም አንኳኩ። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ሥሩ ሞርታር አልደረሰውም፣ ያ ይነሳና እንደገና ይነጠፍ።