«ዘ አፓርትመንት»ን በድሬ ግቢ እንደገና ለማየት

ቢሊ ዋይልደር በ1960 እ.ኤ.አ. የሠራው «ዘ አፓርትመንት» የተባለው ፊልም አምስት ኦስካር ወስዷል። የመጀመሪያ ቀን ሰው ታሪኩን ይከተላል፦ ጃክ ሌመን፣ ማለትም ባክስተር፣ ለአለቆቹ ከውሽሞቻቸው ጋር እንዲገናኙበት የቤቱን ቁልፍ እያዋሰ ዕድገት ያገኛል፤ የሊፍት ሠራተኛዋን ኩበሊክን፣ ሸርሊ ማክሌይንን ማለት ነው፣ ይወዳል። ሲደገም ደስ የሚለው ግን ቁልፉ፣ መስታወቱ፣ የአንድ ቃል ድግግሞሽ ነው። ፊልሙን በግቢ ለማሳየት የምታደርጉት ዝግጅት እነዚህን ይጠብቅ።

በድሬ ሰማዩ ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ይጨልማል፤ ሆኖም የኢሻ አዛን ካለቀ በኋላ፣ 2 ሰዓት ላይ ጀምሩ። ፊልሙ 125 ደቂቃ ስለሆነ ከ4 ሰዓት ብዙም አያልፍም። ሐረር ላይ ከሆነ ጋቢ ያስፈልጋል።

ለስክሪን አቡጀዴ ይበቃል፤ ነጠላ ብርሃን ያሳልፋል። የምስሉ ወርድ ከቁመቱ 2.35 እጥፍ ነው። ጨርቁን 2.35 ሜትር በ1.40 ብታደርጉት ምስሉ 1 ሜትር ይዞ ከሥሩ ለሰብታይትል ቦታ ይተርፋል። የማታው ነፋስ እንዳያውለበልበው የታችኛውን ጠርዝ አጥፋችሁ ዘንግ አስገቡበት። አብዛኛው ተራ ፕሮጀክተር ለዚህ ወርድ 3.5 ሜትር ገደማ መራቅ ይፈልጋል። ፍራሽ ላይ አታስቀምጡት፤ አየር ሲያጣ በድሬ ሙቀት ራሱን ያጠፋል። ጥቁርና ነጩ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ከመሰለ ቀለሙን ዜሮ አድርጉ።

ስክሪኑ ይሙላ ብላችሁ ዙም እንዳታደርጉ። የፊልሙ ዲኮር ሠሪ አሌክሳንደር ትራውነር ባክስተር የሚሠራበትን፣ ማለቂያ የሌለው የሚመስለውን ቢሮ የሠራው ወደ ኋላ እየራቀ ሲሄድ ጠረጴዛዎቹን እያሳነሰ፣ ቁመታቸው አጭር ሰዎችን እያስቀመጠ ነው። ዳርና ዳሩ ከተቆረጠ የባክስተር ብቸኝነትም አብሮ ይቆረጣል።

ሰብታይትሉን ራሳችሁ የምትተረጉሙ ከሆነ ከባዱ የ«አንተ»ና የ«እርስዎ» ጉዳይ ነው። ባክስተርና ኩበሊክ እስከ መጨረሻው «ሚስተር ባክስተር»፣ «ሚስ ኩበሊክ» ይባባላሉ፤ ስለዚህ «እርስዎ» ይባባሉ። አለቆቹ እሱን «አንተ» ይበሉት። ኩበሊክ በመጨረሻው የካርታ ጨዋታ ላይ ብቻ «ዝም በልና አድል» ብላ ወደ «አንተ» ትሻገር። መሃል ላይ አንዴ ካመለጣችሁ ያ ዓረፍተ ነገር ተራ ይሆናል። አለቆቹ በየቃሉ ጭራ «ዋይዝ» («በ… ረገድ» እንደማለት) ይቀጥላሉ፤ ልማዱ ባክስተርም ላይ ይጋባል። «በፕሪሚየም ረገድ»፣ «በጥቅምት ረገድ» እያላችሁ ያንኑ «ረገድ» ሳትሰለቹ ድገሙት። ለአማርኛ ውበት ሲባል አንዴ «በኩል»፣ አንዴ «አንጻር» ከተባለ ቀልዱ ሞተ።

የሰብታይትሉን ፋይል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አመዘጋገብ አስቀምጡ፤ አለዚያ ፊደሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ቪኤልሲ በተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ላይ ባዶ ሳጥን ከታየ ፎንቱን ወደ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ቀይሩ። ጽሑፉ ከንግግሩ የሚለየው ሁልጊዜ በእኩል መጠን ከሆነ በጂ እና በኤች ቁልፎች ይስተካከላል። ልዩነቱ እየሰፋ ከሄደ ግን ምክንያቱ የፍሬም ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ የሚያልፈው የምስል ብዛት ነው፦ በሰከንድ 25 ፍሬም የሚሄድ ኮፒ በ120 ደቂቃ ያልቃል፤ ለ125 ደቂቃው ኮፒ የተሠራ ሰብታይትል በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይዘገያል። ያኔ የሰብታይትሉን ፍጥነት መቀየር እንጂ ማስቀደም አይረዳም።

መብራት ከሄደ ፕሮጀክተሩን ከሶኬት ንቀሉ፤ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል አምፖሉን ሊያቃጥል ይችላል። ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩት።

ቡናው ከፊልሙ በፊት ይጠጣ። በተለይ በገናው የቢሮ ግብዣ ትዕይንት ላይ ማንም ሲኒ ይዞ በጨርቁ ፊት አይለፍ፤ ባክስተር አዲሱን ባርኔጣውን ለማየት የኩበሊክን የፓውደር መስታወት ይቀበላል፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ነው፣ የአለቃው ውሽማ ኩበሊክ መሆኗ አንድ ቃል ሳይነገር ይገለጥለታል። ፊልሙ ሲያልቅ መብራት ሳታበሩ ወደ ኋላ መልሱና ባክስተር ያንኑ መስታወት ቤቱ አግኝቶ ለአለቃው ለሼልድሬክ የሚመልስበትን ትዕይንት አንድ ጊዜ ድገሙላቸው።